ዝምተኛዋ አራስ

በቅሎዋ አፋፉ ላይ ስትደርስ አራት እግሯን ተክላ ቆመች። ደጅይጥኑ ልጓሟን ጎተተ፤ ለመነ፤ ሰደበ። በቅሎዋ ጆሮዋን አጣብቃ ሸክሟን አንዴ ስትነቀንቀው ነጩ የብረት ሣጥን ከጀርባዋ ወደ ገደሉ ዘመም አለ። አራቱም ወንዶች እኩል ተወረወሩበት።

"ቀጥ ይበል፤ እንዳያጋድል" አለች ዝናሽ፣ ክትባቱን በበረዶ የያዘውን ዕቃ በደረቷ እንዳቀፈች።

"እኛስ እናጋድል?" አለ ደጅይጥኑ ከሣጥኑ ሥር ተንበርክኮ።

"አንተማ ከተወለድክ ጀምሮ እንዳጋደልክ ነው።"

በቅሎዋ ነጻ ወጣች፤ ሣጥኑ ለሰው ትከሻ ቀረ።

ጊዜው ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ወርኃ የካቲት ነው። ከሰቆጣ የተነሳው መኪና ጥርጊያው መንገድ እስከሚያልቅበት አድርሷቸው ተመልሷል። ከዚያ ወዲያ እስከ ጽጌ አምባ ድረስ የደሃና ዳገት በእግር ነው። የአገሩ ጎረምሳ ሁሉ ወደ ባድመ ዘምቷል፤ የዝናሽ ባል ወንዳወቅም ከዘማቾቹ አንዱ ነው፤ ልጁን ፅዮንን ያቀፋት የክርስትናዋ ዕለት ብቻ ነበር። ለሸክም የተገኙት አማቷ ግራዝማች ምንዋጋው፣ በአንድ ዓይኑ የማያይ ተብሎ ከዘመቻ የቀረው ደጅይጥኑና ሁለት ሽበታም ጎረቤቶች ናቸው።

ነጩ ሣጥን በላምባ የሚሠራ የክትባት ማቀዝቀዣ ነው። መብራት ላልደረሰበት አገር ተብሎ የተሠራ፤ ከሥሩ ኩራዝ፣ ከጀርባው የተጠማዘዘ ቧንቧ አለው። እሳት ነድዶበት በረዶ ይሠራል ሲባሉ ግራዝማች "እንግዲህ ስምንተኛው ሺህ ገብቷል" ብለው አማትበው ነበር። ግራዝማችነቱን ያገኙት በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ደርግ ማዕረጉን ቢሽረውም ጽጌ አምባ የደርግን ቃል ስላልሰማች ዛሬም ግራዝማች ናቸው።

የጽጌ አምባ ጤና ኬላ ሠራተኛዋ ዝናሽ ደግሞ አታማትብም፤ ትጠይቃለች። ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ያላትን ዕውቀት አብዛኛውን የቃረመችው ከመድኃኒት ካርቶንና ሌላ ሰው አንብቦ ከጣለው መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ሰቆጣ ላይ ፋኖስና የላምባ ምድጃ የሚጠግነው ሚፍታሕ ማቀዝቀዣውን ሊያስረክባት ሲል እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ አፋጠጠችው።

"ውስጡ ምንድን ነው ያለው?"

"ውሃና አሞኒያ፣ ተቀላቅለው" አለ ሚፍታሕ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። "ሃይድሮጅን የሚሉት ሦስተኛ አየርም አብሯቸው ታሽጓል። ኩራዙ ሲነድ አሞኒያው ከውሃው ተለይቶ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። ላይኛው ቧንቧ ላይ ነፋስ ሲያገኘው ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ ወደ ውስጥ ወርዶ ከሦስተኛው አየር ጋር ሲገናኝ እንደገና ይተናል፤ ሲተን ሙቀቱን ከሣጥኑ ይሰርቃል። ብርድ የምትዪው ያ ስርቆት ነው።"

"ስንቱ ተንኖ ስንቱ ፈሳሽ እንደቀረ በምን አውቃለሁ? ከፍቼ አላየው።"

ሚፍታሕ ቀና ብሎ አያት። እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። "በሙቀቱ ነው የሚለካው። ከታች ማፍያው ይጋል፤ ከላይ ቧንቧው ለእጅ ይሙቅ፤ ከውስጥ መለኪያው ይውረድ። ሦስቱ አብረው ከመሰከሩ እውነት ነው። አንዱ ብቻውን ቢመሰክር አትመኚው።" ሊሰናበታት ሲል ደግሞ እጇን ይዞ "ቁሞ ይሂድ፣ ዝናሽ። ከተኛ ፈሳሹ የእንፋሎቱን መንገድ ይይዝበታል። ድንገት ከተኛባችሁ አቁማችሁት አንድ ቀንና ሌሊት ሳይለኮስ ይደር፤ ፈሳሹ ቦታው እስኪመለስ" አላት።

ይህን ሁሉ በልቧ ይዛ ነው ዳገቱን የጀመረችው።

ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ከግራና ከቀኝ አስረው አቁመው ተሸከሙት። የቆመ ሸክም ግን ክፉ ነው፤ ጭንቅላቱ ይከብዳል፣ እያንዳንዱን እርምጃ ይከራከራል። ጥቂት ይራመዳሉ፣ ያሳርፋሉ፤ ጥቂት ይራመዳሉ፣ ያሳርፋሉ። ፀሐይዋ ግን አታሳርፍም። ዝናሽ የክትባቱን ዕቃ ጆሮዋ ሥር አድርጋ ስትነቀንቀው በረዶው ውሃ መሆን ጀምሮ ሲንቦጫረቅ ይሰማታል።

ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች በአጠገባቸው ያልፋሉ። አንዱ አህያውን አቁሞ "ምን ተሸክማችኋል እቴ? ሱቅ ልትከፍቱ ነው?" አለ።

"ለማገዝ ካልሆነ ለመጠየቅ አትቁም" አለችው ዝናሽ።

"ስንት ትከፍላላችሁ?"

"ዓይንህን ጨፍነህ እለፍ፤ እሱን በነጻ እንፈቅድልሃለን።"

ሰውየው ሳቀና አህያውን ነድቶ አለፈ። ከኋላው የመጡትም አለፉ። መለመን የሚባል ነገር ከዝናሽ አፍ ወጥቶ አያውቅም፤ ያን ዕለትም አልወጣም።

ግራዝማች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩና "ቃሬዛ ቢሆን ኖሮ" አሉ።

"ምን አሉ አባባ?"

"ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ ሃያ ትከሻ ነበረን።"

እውነታቸውን ነው። በዋግ ምድር ቃሬዛ አይታለፍም። ደመኛህ የተኛበት ቢሆን እንኳ እስከሚቀጥለው መታጠፊያ ትከሻህን ትሰጣለህ፤ ሳትሰጥ ያለፍክ እንደሆነ ያንተ ቀን ሲመጣ ማንም አይቆምልህም። ዕቃ ግን ዕቃ ነው። ዕቃ ባለቤቱ ይሸከመዋል።

"ሚፍታሕ እንዳይተኛ ብሏል" አለች ዝናሽ።

"በረዶውስ ምን ይላል?"

ክዳኑን ከፈተች። በረዶው የሳሳ የሳሙና ቁራጭ መስሎ ውሃው ላይ ይዋኛል። መልሳ ዘጋችውና አንድም ቃል ሳትተነፍስ ቀረች። ግራዝማች ዝምታዋን እንደ እሺታ ወሰዱት፤ እሺታም ነበር።

ማቀዝቀዣውን አጋደሙት። አጣናዎቹን በጠፍር አገናኝተው ቃሬዛ ሠሩለት፤ ግራዝማች ጋቢያቸውን አውልቀው ከራስ እስከ እግሩ ሸፈኑት። ከአፋፉ ብቅ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች ሳይጠሩ ነጠላቸውን አሸርጠው ከቃሬዛው ሥር ገቡ።

"ማን ነው?"

"አራስ ናት" አሉ ግራዝማች። "ደም ፈስሷት ሰቆጣ ሆስፒታል ሰንብታ ነው።"

አራስን ገልጦ የሚያይ ወንድ የለም። ሽማግሌው ይህን አስበውበት ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሌላ ሆነ። ሁለቱ ለአራት፣ አራቱ ለስድስት እያስረከቡ ቃሬዛው ዳገቱን እንደ ወራጅ ውሃ ተያያዘው፤ ሽቅብ የሚወርድ ውሃ ካለ። የሚያልፉ ሴቶች ከመንገዱ ዳር ቆመው "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይሉታል ማቀዝቀዣውን። መንግሥቴ የሚባል ትከሻ ሰፊ ገበሬ ከታችኛው ደብር ጀምሮ ተራውን ለማንም ሳያስረክብ ብዙውን ዳገት ወጣ።

"ከበድ ትላለች" አለ እያለከለከ።

"አጥንቷ ነው" አለ ደጅይጥኑ። "እንዲህ ዝምተኛ ሴት ግን አይቼ አላውቅም። ሚስቴ ይህን ያህል ዝም ብትልልኝ በየቀኑ እሸከማታለሁ።"

ዝናሽ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው በነጠላዋ ሥር ያቀፈችውን እያዩ "ሕፃኑን አንቺ ነሽ የያዝሽው?" አሏት።

ዝናሽ የክትባቱን ዕቃ ጠበቅ አደረገችና ራሷን ነቀነቀች።

"ፀሐይ እንዳያገኘው ሸፈን አድርጊው ልጄ።"

ሸፈን አደረገችው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጽጌ አምባ ገቡ። ተሸካሚዎቹ ከጤና ኬላው ደጅ አሳርፈው፣ "እግዜር ይማርልን" ብለው፣ ጠላ ቅመሱ ቢባሉም እንዳይመሽባቸው እየተቻኮሉ ወረዱ። ጋቢው ሳይገለጥ ነው የሄዱት። እነ ግራዝማች ማቀዝቀዣውን አስገብተው አቆሙት።

አሁን ዝናሽ ብቻዋን ከነገሩ ጋር ተፋጠጠች። አንድ ቀንና ሌሊት ሳይለኮስ ይደር ብሏታል። በረዶው ግን አልቋል፤ በዕቃው ውስጥ የቀረው ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ነው። እናቶቹ የሚመጡት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ ያን ቀን እንዲወርዱ በየጎጡ ተልኮባቸዋል፤ ገሚሱ የግማሽ ቀን መንገድ አለበት። ብትጠብቅ ክትባቱ ይሞቃል። ባትጠብቅ ደግሞ ምናልባት፣ ምናልባት ይሠራ ይሆናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ እሷ ግን ቀኑን ሙሉ እየሮጠች ስለነበር መቆሚያው ጠፋባት። ክብሪት ጫረች።

ኩራዙ ሰማያዊ ሆኖ ነደደ። መለኪያውን ከውስጥ አስቀምጣ ዘጋች። በየጥቂቱ ትከፍትና ታያለች። አሥራ ሰባት ዲግሪ የነበረው አሥራ አራት ሆነ። ጀንበር ስትጠልቅ አሥራ አንድ። ቀጥሎ ስምንት። ልቧ በደስታ መታ። የላይኛውን ቧንቧ ስትዳስሰው ግን እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል፤ መሞቅ ነበረበት። "ገና ነው፤ ይሞቃል" አለች ለራሷ፤ የወደደችውን ምስክር ሰማች፣ ሌላውን አሰናበተች። የክትባቱን ብልቃጦች ከውሃው አውጥታ ወደ ማቀዝቀዣው አዛወረቻቸው።

ያን ሰዓት አማቷ እመት ባንቺ ፅዮንን አዝለው መጡ። ፅዮን አሥረኛ ወሯን ይዛለች፤ አዲስ ያወጣቻቸውን ሁለት ጥርሶች ለመጣ ለሄደው ሁሉ ታሳያለች። እናቷን ስታይ ከአያቷ ጀርባ ላይ መፈንጨት ጀመረች።

"መድኃኒቱ ገባ አይደል?" አሉ እመት ባንቺ። "በይ ልጅሽን ውጊያት። ከወንዙ ማዶ የለተሥላሴ ልጆች ዓይናቸው ቀልቷል፣ ገላቸው ፈንድቷል ይላሉ። ኩፍኝ ነው።"

"እሑድ ከሌሎቹ ጋር።"

"እሑድን ማን አየው?"

"አንዷ ብልቃጥ ለአሥር ልጅ ናት፣ እማማ። አንዴ ከተበጠበጠች አታድርም፤ ትደፋለች። ለፅዮን ብዬ የዘጠኝ እናት ልጅ ድርሻ ልድፋ? ነገ ማሬ በየቤቱ እየዞረች 'ዝናሽ የራሷን አስቀደመች' ብትል ምን እላለሁ?"

"አንቺ የምትኖሪው ለማሬ አፍ ነው?"

"ለማንም አፍ አልኖርም። ለዚህ ነው የማላደርገው።"

እመት ባንቺ በኽምጠኛ የሆነ ነገር አጉረመረሙ፤ ሲናደዱ አማርኛው ይጠብባቸዋል። ዝናሽ ልጇን ተቀብላ አንገቷን ሳመቻት፣ ወደ ማቀዝቀዣውም አስጠጋቻትና "እይ፤ የናትሽ በረዶ ቤት" አለቻት። ፅዮን ነጩን ብረት በመዳፏ ጠፈጠፈችው። ዝናሽ በዕድሜዋ እንደዚያ ምሽት ኮርታ አታውቅም።

ሲነጋ ፀሐይ ቆርቆሮውን መታችው። መለኪያው ወደ አሥራ ሁለት ወጣ። ቁርስ ሲበላ አሥራ ስድስት። ረፋዱ ላይ ሃያን አለፈ። ኩራዙ በእምነት ይነድዳል፤ ላይኛው ቧንቧ እንደ ትናንቱ ቀዝቅዞ ቁሟል። ያን ጊዜ ገባት። የየካቲት ምሽት ተራራውን ሲያበርደው ተራራው ሣጥኑን አበረደው፤ እሷም የተራራውን ብርድ ለክታ የማሽኑ ነው አለች። ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሙሉ አንዲት ጠብታ አላቀዘቀዘም።

ከስምንት ዲግሪ በላይ የዋለ ክትባት ውሃ ነው ተብላ ነው የተማረችው። ጉድጓድ ቆፍራ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ቀበረች። እሑድ ዕለት ሰው እንዲነግርላት አልፈለገችም፤ ከደጀ ሰላሙ ቆማ ራሷ "መድኃኒቱ ተበላሽቷል፤ ተመለሱ" አለች። ልጆቻቸውን አዝለው የወረዱት እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ወጡ። ማሬ ብቻ ዘወር ብላ "የራስሽንስ ወግተሻል?" አለቻት።

"አልወጋሁም።"

ማሬ ጥቂት አየቻትና "ሞኝ" አለች፤ ስድብ አልነበረም።

መልእክት የደረሰው ሚፍታሕ በሳምንቱ በእግሩ መጣ። ቧንቧውን ዳሰሰ፤ ኩራዙን አጠፋ።

"አስተኝታችሁት ነበር?"

"አዎ።"

"ወዲያው ለኮሳችሁት?"

"ለኮስኩት።"

ሌላ አልጠየቀም። ሣጥኑን ከደጅይጥኑ ጋር ዘቅዝቆ በአናቱ አቆመው፤ ቆይቶ አገላበጠው፤ ደግሞ ዘቀዘቀው። በቧንቧው ውስጥ ፈሳሹ መንገዱን ሲፈልግ የሚያጉረመርመው ድምፅ ይሰማል። "ተበላሽቶ አይደለም" አለ። "የፈሳሹ ቦታ እንፋሎት፣ የእንፋሎቱ ቦታ ፈሳሽ ገብቶበት ነው። ጊዜ ቢሰጠው ራሱ ይስተካከል ነበር።" አቁሞት አደረ፤ በማግስቱ ለኮሰው። ታች ጋለ፤ ላይ እጅ የሚያስመልስ ሆነ፤ ውስጡ አራት ላይ ወርዶ ቆመ። ሦስቱም መሰከሩ።

የሚያስቀምጡበት ክትባት ግን አልነበረም። ክትባቱ ከሰቆጣም አልቆ ነበር፤ ከወልድያ ይመጣል ተባለ፤ ይመጣል እንደተባለ ሳምንታት አለፉ። ጽጌ አምባ ላይ ባዶ ብርድ ቀንና ሌሊት ይነድዳል።

ኩፍኙ ወንዙን የተሻገረው በመጋቢት ነው። ፅዮን መጀመሪያ አስነጠሳት፤ ቀጥሎ ዓይኗ ቀላ፤ ከዚያ ሽፍታው ከጆሮዋ ሥር ጀምሮ ወረደ። ዝናሽ ከማቀዝቀዣው በረዶ እያወጣች፣ በጨርቅ እየጠቀለለች ግንባሯ ላይ ታደርግላታለች። በረዶ ሞልቷል። የፈለገችውን ያህል ነበራት። ልጅቷ ቀዝቃዛው ሲነካት ትንሽ ፋታ ታገኝና ዓይኗን ገልጣ ታያታለች፤ ከዚያ ሳሉ ይመለሳል። በመጨረሻ ሳሉ ወደ ደረቷ ወረደና እዚያው ቀረ። ሐሙስ ጠዋት ግራዝማች የልጅ ልጃቸውን በክንዳቸው ታቅፈው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጡ። ለሕፃን ቃሬዛ አይሠራም።

በሠልስቱ ለቀስተኛው ከየደብሩ መጣ። ዝናሽ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣለች። ከወንዶቹ ወገን አንድ ትከሻ ሰፊ ሰው ተነስቶ ግራዝማችን "እግዜር ያጽናዎት" አላቸውና አጠገባቸው ተቀመጠ። ዝናሽ አወቀችው። መንግሥቴ ነው።

ሰውየው እንደ ደንቡ፣ የተሸከሙት በሽተኛ እንደሚጠየቅ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ፦ "ያኔ ያወጣናት አራስስ? ተሻላት?"

ደጅይጥኑ እግሩን አየ። ግራዝማች "ተሽሏታል" ብለው ሊገላገሉት ይችሉ ነበር። ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሱ፤ ሽማግሌ ለታናሹ የማይነሳውን ተነሱ።

"አራስ አልነበረችም፣ ልጄ" አሉ። "ዕቃ ነው ያሸከምናችሁ። የልጆችን መድኃኒት የሚያቀዘቅዝ ዕቃ። ሰው ካልሆነ ማን ያግዘናል ብዬ እኔ ነኝ ያስተኛሁት። መተኛት አልነበረበትም። በዚያ ጠንቅ መድኃኒቱ ተበላሸ፤ ይቺም ሄደች።"

"የለኮስኩት እኔ ነኝ" አለች ዝናሽ ከሴቶቹ መካከል። "ቢቆይ ይድን ነበር።"

መንግሥቴ ከአንዱ ወደ ሌላው አየ። የሚቆጣ መስሏቸው ጠበቁት። እሱ ግን ግራ የገባው ሰው ይመስል ነበር።

"ለልጆች መድኃኒት ነው ብትሉንስ?" አለ። "እኔም እኮ ሦስት ልጆች አሉኝ። አቁማችሁ ውጡ ብትሉን አቁመን እናወጣው ነበር። ከታችኛው ደብር ሰው እጠራላችሁ ነበር።" ጥቂት አሰበና "አልነገራችሁንም እኮ" አለ።

ግራዝማች እንደቆሙ ቀሩ። ሁሉም ወደ ዝናሽ ዞረ፤ ለማንም ቃል መልስ አጥታ አታውቅምና። ዝናሽ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።